መጀመሪያ ብርጭቆው፣ ከዚያ ወሬው፦ ከጉዞ ያመጡትን ወይን ከወዳጆች ጋር የመቅመስ አሠራር

ወይን ወደሚመረትበት አገር ሄደው የተመለሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «አራት አምስት ጠርሙስ ይዤ መጥቻለሁ፤ ወይን የሚወዱ ጓደኞቼን ጠርቼ በወጉ ላቀምሳቸው እፈልጋለሁ፤ እንዴት ላድርግ?» ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አንድ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ነው። ጋባዡ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ስለ ተራራው ውበት፣ ስለ እርሻው ባለቤት ደግነትና ስለ ጠርሙሱ ዋጋ ግማሽ ሰዓት ያወራል፤ ከዚያ በኋላ ይቀዳል፤ እንግዶቹም አንዴ ፉት ብለው «ግሩም ነው» ይላሉ፤ ቅምሻውም በዚሁ ያበቃል። ዋጋውን አስቀድሞ የሰማ እንግዳ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ይቀመሳል፣ የጉዞው ወሬ የሚመጣው ጠርሙሱ ከተገለጠ በኋላ ነው። መመሪያው የተዘጋጀው ለስምንት ሰዎችና ለአምስት ጠርሙሶች ሲሆን፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። በምሳሌነት የምጠቀመው እኔ ራሴ ደጋግሜ ያቀረብኩትን ስብስብ ነው፤ ሦስቱ ጠርሙሶች ከደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ የመጡ ናቸው፣ አንዱ ከዝዋይ፣ አንዱ ደግሞ የአዋሽ ነው። እርስዎ የሄዱት ወደ ጣልያን፣ ወደ ጆርጂያ ወይም ወደ ካሊፎርኒያ ቢሆንም አሠራሩ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እያንዳንዳቸው 750 ሚሊ ሊትር የሚይዙ አምስት ጠርሙስ ወይን፤
- ባለ እግር የወይን ብርጭቆ፣ ለአንድ ሰው ሁለት፣ በድምሩ 16፤ አፉ ከሆዱ ጠበብ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤
- ቡሽ መክፈቻ፤
- ጠርሙስ የሚሸፍኑ አምስት ረጃጅም ንጹሕ ካልሲዎች ወይም የወረቀት ከረጢቶች፣ እንዲሁም ቁጥር የሚጻፍባቸው ቁራጭ ወረቀቶች፤
- የሚሊ ሊትር ምልክት ያለው መለኪያ (አዲስ የሕፃን ጡጦ በደንብ ያገለግላል)፤
- ለእያንዳንዱ ሰው መትፊያ የሚሆን፣ ውስጡ የማይታይ ኩባያ፤
- ቀለም ለማየት ነጭ ወረቀት፣ ለመጻፊያ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ፤
- ብዙ ውሃ፣ ጨውና ቅመም ያልበዛበት ነጭ ዳቦ፤
- በረዶና ባልዲ።

አሠራር

1. ገና በጉዞ ላይ ሳሉ ማስታወሻ ይያዙ። ስቴለንቦሽ ውስጥ በአንድ ቀን ሦስት እርሻ የጎበኘ ሰው በየእርሻው አምስት ስድስት ዓይነት ይቀርብለታል፤ ማታ ላይ የትኛውን የት እንደቀመሰ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ጠርሙሱን በገዙበት ስፍራ፣ ገና ሳይነሡ፣ አምስት ነገር ይጻፉ፦ ቦታውንና ቀኑን፣ ከቀመሷቸው መካከል ይህንን ለምን እንደመረጡ፣ ዋጋውን፣ የቀዳልዎ ሰው ስለ አሠራሩ የነገረዎትን አንድ ነገር፣ በመጨረሻም በዓይንዎ ያዩትን፣ ነገር ግን በብርጭቆው ውስጥም ሊገኝ የሚችል አንድ ነገር። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ከባሕር የሚመጣ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ የተዳፋቱ አቅጣጫ፣ በርሜሉ አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑ፣ ፍሬው የሚለቀመው በሌሊት ይሁን በቀን፣ እነዚህ ሁሉ ጣዕሙ ላይ ምልክት ይተዋሉ፤ የግቢው አበባ ግን አይተውም። የጠርሙሱን ጽሑፍ ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያንሱ። በጽሑፉ ላይ ያለው ዓመት ፍሬው የተለቀመበት ዓመት እንጂ የታሸገበት እንዳልሆነ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሚጻፍም ያስታውሱ፤ በደቡብ አፍሪካ ለቀማው በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ስለሆነ፣ 2021 የሚል ጠርሙስ በእኛ አቆጣጠር የ2013 ፍሬ ነው።

2. ጠርሙሶቹን ለመንገድ በጥንቃቄ ያሽጉ። በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በአብዛኞቹ አየር ማረፊያዎች በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ ስለማይፈቀድለት ወይን የሚጓዘው በሚጫነው ሻንጣ ነው። እያንዳንዱን ጠርሙስ መጀመሪያ በሕፃን ዳይፐር ይጠቅልሉ፣ በላዩ ፕላስቲክ ከረጢት አጥልቀው ጥብቅ አድርገው ይሰሩ፣ ከዚያ በሻንጣው መሐል በልብስ ተከበው እንዲቀመጡ ያድርጉ። ዳይፐሩ የሚያስቅ ቢመስልም ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ግጭትን ያለዝባል፣ ጠርሙሱ ቢሰበር ደግሞ ፈሳሹን መጥጦ ነጭ ልብስዎን ያድናል። አንድ ሙሉ ጠርሙስ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ስድስት ጠርሙስ ስምንት ኪሎ ገደማ እንደሚወስድ ሲገዙ ያስቡበት። ያለ ቀረጥ የሚያስገቡትን መጠን አስቀድመው ከጉምሩክ ይጠይቁ፤ መጠኑ ከአገር አገር ይለያያል።

3. ጠርሙሶቹን ያሳርፉ። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ያስቀምጧቸው፤ ቡሽ ያላቸውን አጋድመው፣ የሚጠመዘዝ ክዳን ያላቸውን እንደፈለጉ። ቡሽ የሚጋደመው ወይኑ እንዲያርሰው ነው፤ የደረቀ ቡሽ ይሰነጠቅና አየር ያስገባል። ዕድሜው የገፋና አተላ ያለው ወይን ካለ ግን ከቅምሻው ሁለት ቀን በፊት ያቁሙት፤ አተላው ወደ ታች ካልዘቀጠ መጨረሻ ላይ የሚቀዳው ድፍርስና መራራ ይሆናል። በየቤታችን የተለመደው የጠርሙስ ማስቀመጫ የሳሎን ቡፌ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን ብርሃንና ሙቀት ወይንን ከሚያበላሹ ነገሮች ዋናዎቹ ስለሆኑ ከቡፌው ላይ፣ እንዲሁም ከማቀዝቀዣው አናት ላይ ያንሱት። ልብስ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን የታችኛው ክፍል ከሁለቱም ይሻላል።

4. የሚቀመሱትን ይምረጡና ቅደም ተከተል ያውጡ። ከጉዞ ያመጡትን ሁሉ በአንድ ማታ አይክፈቱ። ከአምስት በላይ ሲሆን ምላስ ይደክማል፣ እንግዶችም መቅመሱን ትተው መጠጣት ይጀምራሉ። ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከነጭ ወደ ቀይ፣ ድራይ ከሚባለው (ጣፋጭነት ከሌለው) ወደ ጣፋጭ ነው፤ ስኳር የቀመሰ ምላስ ቀጥሎ የሚመጣውን ድራይ ወይን ኮምጣጣ አድርጎ ስለሚያቀርብ ጣፋጩ ሁልጊዜ መጨረሻ ይቀመጣል። የእኔ ስብስብ ይህን ይመስላል፦ አንደኛ ሸናን ብላን የተባለው የስቴለንቦሽ ነጭ፣ ሁለተኛ ፒኖታዥ የተባለው የስቴለንቦሽ ቀይ፣ ሦስተኛና አራተኛ ጎን ለጎን የስቴለንቦሽ ሺራዝና ከዝዋይ የሚመጣው የሪፍት ቫሊ ሲራ፣ አምስተኛ አክሱሚት፣ የአዋሽ ጣፋጭ ቀይ። ሺራዝና ሲራ አንድ የወይን ዝርያ ናቸው፤ ስሙ ብቻ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጥንድ አድርጎ ማቅረብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ዝርያው አንድ ሲሆን የሚቀረው ልዩነት ከምድሩ፣ ከአየሩና ከሠሪው እጅ የመጣ ስለሚሆን፣ የጉዞ ወሬዎ ከብርጭቆው ጋር የሚገናኝበት በር ይከፈታል። ከአገር ውስጥ አንድ ጠርሙስ መጨመሩም ተጓዥ ላልሆኑት እንግዶች የሚያውቁትን መነሻ ይሰጣቸዋል።

5. ቤቱን ከሽታ ነጻ ያድርጉ። በእኛ ቤት ከሁሉ የሚከብደው እርምጃ ይህ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የምናደርጋቸው መልካም ነገሮች ሁሉ ለቅምሻ ጠላት ናቸውና። ዕጣን አይጨስም፤ ቡና የሚቆላው ቅምሻው ካለቀ በኋላ ነው፤ ሽንኩርት የሚቁላላ ከሆነ ከሰዓት በፊት ተጠናቆ መስኮት ይከፈታል። እንግዶች ሽቶ ሳይቀቡ እንዲመጡ ሲጋብዟቸው ይንገሯቸው፤ በዋዜማው ቢነገር ማንም አይቀየምም፣ በር ላይ ቢነገር ግን ያስቀይማል። አንድ ማታ ጎረቤት ቡና እየተቆላ መስኮቱን ሳንዘጋ ቀምሰን፣ ስምንታችንም በወረቀታችን ላይ ሸናን ብላኑ የተቆላ ቡና እንደሚሸት ጽፈን ተገኝተናል። የከፋው ደግሞ ነገሩ ሙሉ ለሙሉ ሐሰት የማይሆንበት ጊዜ መኖሩ ነው፤ ውስጡ በእሳት በተጠበሰ እንጨት የተሠራ ፒኖታዥ በእርግጥ ቡና ሊሸት ይችላል፤ ክፍሉ ንጹሕ ካልሆነ ግን የትኛው ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

ብርጭቆውም እንዲሁ ነው። ዕቃን በወይራ ማጠን ለወተትና ለጠላ ያለው ጥቅም የታወቀ ነው፤ የወይን ብርጭቆ ግን አይታጠንም። በረኪናም አይነካውም፤ ክሎሪን ለሻጋታ ሽታ መንገድ ይከፍታል። ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ ብቻ ደጋግመው ያለቅልቁ፣ ሽታ በሌለው ጨርቅ ያድርቁ፣ ከመቅዳትዎ በፊት ባዶውን ያሽትቱ። ቁም ሣጥን የሚሸት ብርጭቆ የሚያቀርበው ወይን ሁሉ ቁም ሣጥን ይሸታል።

6. ሙቀቱን ያስተካክሉ። ነጭ ወይን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ፣ ቀይ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ፣ ጣፋጭ ቀይ ከዚያ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀርባል። ብዙ ሰው ቀይ ወይን «በክፍል ሙቀት» እንደሚጠጣ ሰምቷል፤ አባባሉ የተለመደው በቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤቶች ነው። በአዲስ አበባ የሐምሌ ማታ ክፍሉ ራሱ ሊበቃ ይችላል፤ በመጋቢት ከሰዓት ግን ቀዩን ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት፤ ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያለ አንባቢ ከዚያም ያስረዝመው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወይን ሲሞቅ አልኮሉ ከመዓዛው ቀድሞ አፍንጫ ይመታል፤ ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መዓዛው ይታፈናል፣ የቀዩም አፍ የሚያደርቅ ጠባይ ይጎላል። ነጩን በፍጥነት ለማቀዝቀዝ ባልዲውን በበረዶ ብቻ አይሙሉት፤ ግማሹን ውሃ ያድርጉት፣ ጥቂት ጨው ይጨምሩበት፤ ውሃው የጠርሙሱን ገላ በሙሉ ስለሚነካ ከ20 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይቀዘቅዛል።

7. ይክፈቱ፣ ጉድለት ይፈትሹ፣ ይሸፍኑ። እንግዶች ከመድረሳቸው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ሁሉንም ይክፈቱና ከእያንዳንዱ አንድ ጉንጭ ለብቻዎ ይቅመሱ። የሚፈልጉት ውበት ሳይሆን ጉድለት ነው። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ቡሹ በሻጋታ በሚፈጠር ውህድ ተበክሏል፤ መፍትሔ የለውም፣ በሌላ ጠርሙስ ይተኩት። ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት፣ እንዲሁም ነጩ ወደ ቡናማ የዞረና የተመታ ፖም የሚሸት ከሆነም እንደዚሁ። የተጫረ ክብሪት ወይም ትንሽ የእንቁላል ሽታ ካለው ግን አይጣሉት፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞርና አየር ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ብሎ ከተገኘ ወይኑ በመንገድ ላይ ሙቀት እንዳገኘው ይጠርጥሩ።

ከፍተሻው በኋላ የአንገቱን ሽፋን በሙሉ ገፍፈው ካልሲውን እስከ አንገቱ ያጥልቁ፤ የሽፋኑ ቀለም ብቻውን ጠርሙሱን ያስታውቃል። ከዚያ ቁጥር ይስጡት። ከተቻለ ካልሲውን እርስዎ ያጥልቁ፣ የሁለቱን ጥንዶች ቁጥር ግን ሌላ የቤት ሰው ይስጥ፤ ያን ጊዜ እርስዎም ከእንግዶቹ ጋር እኩል ፈታኝም ተፈታኝም ይሆናሉ።

8. በልክ ይቅዱ፣ በዝምታ ይቅመሱ። ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በጡጦው አንድ ጊዜ ለክተው በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የት ድረስ እንደሚደርስ ካዩ በኋላ በዓይን መቅዳት ይቻላል። በዚህ ልክ አንድ ጠርሙስ ለ15 ሰው ይደርሳል፤ እናንተ ስምንት ስለሆናችሁ ለድጋሚ ቅምሻ ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ ይተርፋል። በእኛ ወግ አጉድሎ መቅዳት ስስት ስለሚመስል አንዳንድ ጋባዥ እጁ አይታዘዝለትም፤ ነገር ግን የብርጭቆው ባዶ ክፍል መዓዛው የሚሰበሰብበት ቤት ነው፤ ከሞሉት ማዞርም ማሽተትም አይቻልም። ሁሉም ሰው በአንድነት የሚከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

ሀ) ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጎ ቀለሙን ማየት፤ የቀይ ወይን ጠርዝ ወደ ጡብ ቀለም ሲያደላ ዕድሜውን ይጠቁማል።
ለ) ሳያዞሩ አንድ ጊዜ ማሽተት፣ ከዚያ አዙሮ እንደገና ማሽተት፤ ማዞሩ ወይኑን ከአየር ጋር ስለሚያገናኘው የመጀመሪያው ሽታ ያልሰጠውን ሁለተኛው ይሰጣል።
ሐ) አንድ ጉንጭ ወስዶ አፍ ውስጥ ማንከባለል፣ ከንፈርን ከፈት አድርጎ ትንሽ አየር መሳብ፣ ከዚያ በአፍንጫ መተንፈስ። ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው በአፍ ጀርባ ወደ አፍንጫ የሚወጣ መዓዛ ስለሆነ ጉንፋን የያዘው ሰው ቅምሻው ይቀርበታል።
መ) መትፋት ወይም መዋጥ፣ ከዚያ ጣዕሙ ስንት ሰከንድ እንደቆየ መቁጠር።
ሠ) መጻፍ።

ከመጀመሪያው ማሽተት ጀምሮ ተጽፎ እስኪያልቅ፣ አራት ደቂቃ ያህል፣ ማንም አይናገር። ይህ ደንብ ለቀልድ የተጨመረ አይደለም። አንድ ሰው «እንጆሪ!» ካለ በኋላ የቀሩት ሰባቱ እንጆሪ እንጂ ሌላ አይሸታቸውም።

9. በራስዎ ቋንቋ ይግለጹ። ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ይጠየቅ፦ ጎምዛዛነቱ፣ አፍ ማድረቁ፣ ክብደቱና መዓዛው። ብዙዎች የሚምታታባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ጎምዛዛነት እንደ ሎሚ ምራቅ ያስመጣል፤ ታኒን የሚባለው ግን እንደ ጥሬ ሙዝ ወይም ብዙ እንደቆየ ወፍራም ሻይ ድድንና ምላስን ያደርቃል። ጥርጣሬ ካለ ወይኑን ተፍተው አሥር ሰከንድ ይጠብቁ፤ አፍዎ ከረጠበ የመጀመሪያው ነው፣ ከደረቀ ሁለተኛው። ክብደት የሚባለው ፈሳሹ አፍ ውስጥ የሚሰጠው ስሜት ነው፤ ውሃና ያልተቀጠነ ወተት እንደሚለያዩ ያለ ነው።

መዓዛን በተመለከተ፣ ከውጭ መጻሕፍት የተገለበጠ ዝርዝር ለእንግዶችዎ አይስጡ። ከገበታው ዙሪያ ግማሹ በልቶት የማያውቀውን ፍሬ ስም መጻፍ ለማንም አይጠቅምም፤ የእኛ ማጀት ግን በቂ መዝገብ አለው። ለጥቁር ፍሬ አጋም፣ ለቀይ ፍሬ እንጆሪ፣ ለነጭ ወይን ኮክ፣ ትርንጎ፣ ሎሚ፣ ማርና ሰም አሉ። አንዳንዶቹ መመሳሰሎች ከምሳሌ ያለፉ ናቸው፤ በሲራ ውስጥ የሚሸተው ቁንዶ በርበሬ ከራሱ ከቁንዶ በርበሬ ውህድ ጋር አንድ ነው፤ ካቤርኔ ሶቪኞን በሚባለው ቀይ ወይን ውስጥ የሚገኘው የቃሪያ ሽታም በቃሪያው ውስጥ ካለው ውህድ ዘር ነው፤ በርሜል የሚሰጠው የቅርንፉድ ሽታም እንዲሁ። ለዚህ ነው ከቅምሻው በፊት ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የተቆረጠ ቃሪያ፣ ማርና የሎሚ ልጣጭ በአምስት ስኒ አድርጌ በሩ አጠገብ የማስቀምጠው፤ እንግዳ ሁሉ አንድ ጊዜ አሽትቶ ያልፋል፣ ከዚያ ስኒዎቹ ከክፍሉ ይወጣሉ። አፍንጫ ስሙን የሚያስታውሰው በቅርቡ ያገኘውን ነው።

ሁሉም ከጻፈ በኋላ ተራ በተራ ይነበብ፤ ንባቡም ከታናሽ ይጀምር። ልማዳችን ታላቅ ቀድሞ እንዲናገር ነው፤ ነገር ግን ጋሼ «ይህ ጥሩ ወይን አይደለም» ካሉ በኋላ ታናሹ የጻፈውን አጥፍቶ ያርማል። አክብሮቱ ሳይጓደል መገልበጥ ይቻላል፤ «ጋሼ፣ የመጨረሻውን ፍርድ እርስዎ ይሰጡናል» ማለት በቂ ነው። ከ100 ነጥብ መስጠትን አልመክርም፤ አምስቱን ከወደዱት ወደ አልወደዱት በደረጃ ማስቀመጥ ለጀማሪም ለልምድ ባለቤትም እኩል ይሠራል።

10. ይግለጡ፣ ከዚያ ጉዞውን ያውሩ። ካልሲው የሚወልቀው ደረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። አሁን ማስታወሻዎን ያውጡ፤ ለአንድ ጠርሙስ ሦስት ደቂቃና ከሦስት የማይበልጥ ፎቶ ይውሰዱ፤ ወሬውንም እንግዶቹ ከጻፉት ነገር ይጀምሩ። በጥንዶቹ ላይ ለምሳሌ አንዱ እንግዳ «ሦስተኛው ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፣ አራተኛው ግን የበሰለ ፍሬ ነው» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ስቴለንቦሽ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደሚገኝና ፎልስ ቤይ ከተባለው ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ነፋስ የከሰዓቱን ሙቀት እንደሚያበርድ፣ ዝዋይ ደግሞ በሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በማትርቅበት ስፍራ እንዳለ የሚነገረው እዚህ ላይ ነው። ፒኖታዥ በ1925 እ.ኤ.አ. አብርሃም ፔሮልድ በተባሉ የስቴለንቦሽ ፕሮፌሰር ፒኖ ኗርና ሳንሶ የተባሉ ሁለት የወይን ዝርያዎችን በማዳቀል የተገኘ መሆኑንም ከቅምሻው በኋላ ሲሰሙት ለአፋቸው ትርጉም ይሰጣል፤ ቀድመው ቢሰሙት ግን የፈተና መልስ ይሆን ነበር።

እንግዶቹም የራሳቸውን ጉዞ እንዲያካፍሉ ቦታ ይተዉ፤ ሲያካፍሉም ለሚቀጥለው ተጓዥ የሚጠቅመውን ይጠይቁ፦ በየትኛው ወር እንደሄዱ፣ አስቀድሞ ቀጠሮ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ቅምሻው ምን ያህል እንዳስከፈለና ጠርሙስ ሲገዙ ገንዘቡ ይታሰብላቸው እንደሆነ፣ በምን እንደተጓጓዙ። በስቴለንቦሽ አጠገብ ወዳለው የወይን ሸለቆ ወደ ፍራንሽሁክ በሄዱ ሰዎች መካከል ለምሳሌ ከእርሻ እርሻ የሚያመላልሰው የወይን ትራም መኪና መንዳትን እንደሚያስቀር መስማት፣ ስለ ሸለቆው ውበት ከሚነገር ረጅም ገለጻ ይልቅ ይጠቅማል።

11. ምግቡን ያቅርቡ፣ የተረፈውን ይክደኑ። በቅምሻው መሐል የሚበላው ነጭ ዳቦ ብቻ ነው። እንጀራ ጎምዘዝ ስለሚል ቀጥሎ የሚመጣውን ወይን ለስላሳና ሕይወት የሌለው ያስመስለዋል፤ የበርበሬ ማቃጠል ደግሞ ከአልኮልና ከታኒን ጋር ሲገናኝ ይብሳል። ስለዚህ ወጡ ከቅምሻው በኋላ ይምጣ፤ ከተረፈው ወይን ጋር ሲቀርብም ከበርበሬው ጋር የሚስማማው አፍ የሚያደርቀው ቀይ ሳይሆን ጣፋጩ ወይም ሸናን ብላኑ ነው። የተረፈውን ቡሹን መልሰው ቀዩንም ነጩንም ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

ማስጠንቀቂያ

- አምስት ጊዜ 50 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአንድ ጠርሙስ ሲሶ ነው፤ 13.5 በመቶ አልኮል ባለው ወይን ወደ 27 ግራም ንጹሕ አልኮል ይሆናል። የሚነዳ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይትፋ፤ የተሻለው ግን መኪናውን ትቶ መምጣት ነው። መትፋት ነውር እንዳልሆነ ጋባዡ ራሱ ቀድሞ በመትፋት ያሳይ።
- ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት የሚወስድ ወይም የማይጠጣ እንግዳ ካለ ማሽተቱንና መጻፉን ብቻ ይካፈል፤ ምክንያቱን አይጠይቁ፣ «አንዲት ብቻ» ብለው አያስጨንቁ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው በኢትዮጵያ አልኮል ሊሸጥለት እንደማይፈቀድ ያስታውሱ፤ በቅምሻውም አይካፈል።
- ቅምሻው በረቡዕ፣ በዓርብ ወይም በሌላ ጾም ከዋለ ዳቦው ወተትና ቅቤ ያልገባበት መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንድ ወይን የሚጣራው በእንቁላል ነጭ፣ በወተት ፕሮቲን ወይም ከዓሣ በሚገኝ ነገር መሆኑን የሚጠይቅ ጿሚ ሊኖር ይችላል፤ ከገዙበት እርሻ አስቀድመው ቢጠይቁ ወይም ቪጋን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቢመርጡ መልስ ይኖርዎታል።
- አረፋ ያለው ወይን የሚከፍቱ ከሆነ በደንብ ያቀዝቅዙት፣ ሽቦውን ከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ አውራ ጣትዎን ከቡሹ ላይ አያንሡ፣ አፉንም ወደ ሰው አያዙሩ። በአዲስ አበባ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ቡሹ ይበልጥ ለመፈናጠር ይቸኩላል።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

የመጀመሪያው፣ በጉብኝቱ ዕለት የተገዛውን ወይን መኪና ውስጥ ትቶ ወደሚቀጥለው እርሻ መግባት ነው። በኬፕ፣ ማለትም በስቴለንቦሽ አካባቢ፣ በየካቲት ፀሐይ የተዘጋ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ምድጃ ይሆናል፤ ቤት ሲደርሱ «እዚያ የቀመስኩት ይህ አይደለም» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጠርሙሶቹን የቀኑ መጨረሻ እርሻ ላይ ይግዙ፣ ካልሆነም ይዘዋቸው ይግቡ።

ሁለተኛው፣ ካልሲው ሳይወልቅ ጋባዡ በገጽታውና በድምፁ ማስታወቁ ነው። ውድ የሆነው ጠርሙስ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፣ «አሁን ደግሞ በደንብ አስተውሉ» ይላል። በዚያች ቅጽበት የሸፈነው ካልሲ ከንቱ ሆነ። ራስዎን የማያምኑ ከሆነ መቅዳቱን ለሌላ ሰው ይስጡ።

ሦስተኛው፣ ድራይ ወይን የቀመሰ እንግዳ ፊቱን ሲያጨማድድ ጋባዡ ማፈሩ ነው። አካሲያንና አክሱሚትን ለለመደ አፍ ድራይ ሲራ መጀመሪያ ላይ ቁጡ ነው፤ ይህ የወይኑም የእንግዳውም ጉድለት አይደለም። ዳቦ ነክሶ እንደገና እንዲቀምስ ይጋብዙት፤ ሁለተኛው ጉንጭ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ይሆናል፤ ካልሆነም የጻፈው ይጻፍ።

አራተኛው፣ በቅምሻው መሐል ኮካ ገበታው ላይ መቅረቡ ነው። ቀይ ወይንን በኮካ መጠጣት የብዙ ሰው ምርጫ ነው፣ እኔም ማንንም አልከለክልም፤ ነገር ግን አንድ ብርጭቆ ከተቀላቀለ የዚያ ሰው ምላስ ለቀጣዮቹ ጠርሙሶች ጣፋጭ እየፈለገ ይቆያል፤ ስለዚህ ኮካው አምስተኛው ቁጥር ተገልጦ፣ ደረጃውም ተነቦ እስኪያልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ።